በእጅ ተገጣጥሞ የተሠራ መኪና ሊብሬና ታርጋ የሚያገኝበት መንገድ

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ቤት ሲገዛ ውሉን ያስጽፋል፤ ገንዘብ ሲያበድርም ምስክር አቁሞ ያስፈርማል። በንግድ ሥራው ይህን ያህል ጥንቁቅ የሆነው ሰው ግን መኪና ለማሠራት በተነሣ ጊዜ ነገሩን ሁሉ ለባለ ጋራዡ ትቶ ሲቀመጥ ይታያል። ሻንሲውን ከአንዱ፣ ሞተሩን ከሌላው፣ ካምቢዮውን ደግሞ ከሦስተኛው ሰው እጅ ይገዛል፤ ብረቱ ይበየዳል፣ ወንበሩ ይገጠማል፣ ቀለሙ ይቀባል። መኪናውም አምሮ ከጋራዥ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ታርጋ ለማውጣት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በሄደ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው የቀለሙን ማማር ወይም የሞተሩን ብርታት ሳይሆን ወረቀቱን ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። መኪና በብረት ቢሠራም በሕግ ፊት መኪና የሚሆነው በመዝገብ ነው። ስለዚህ መኪና ለማሠራት የሚያስብ ነጋዴም ሆነ የመኪና ዕቃ የሚያስመጣና የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ ብረቱ ከመቈረጡ በፊት ወረቀቱን ማሰናዳት ይገባዋል። ይህን ያላደረገ ሰው መኪናው በግቢው ቆሞ እየታየ ገንዘቡ ግን የማይንቀሳቀስበት ጊዜ ይመጣበታል።

ጉዳዩ የስሜንን ግርጌ ነጋዴ የሚመለከትበት ምክንያት

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ ደባርቅ ይገኛል። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ርእሰ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያም ይኸው ከተማ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ያለው መንገድ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። የደጋው ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ከጎንደር የሚመጣው ስኳር፣ ዘይት፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶም ወደየሱቁ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው። ስለ ሆነም በዚህ አገር ያለ ነጋዴ ያለ መኪና ሥራው አይቃናለትም።

መኪና ማግኘት ግን ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ መጠን የሚከፈልበት ታክስ ከፍ ይላል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚህ የተነሣ በእጅ ያለውን ሻንሲ አድሶ፣ ሞተር ቀይሮ፣ አዲስ አካል አሠርቶ መኪና ማውጣት የሚለው አሳብ በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ መነጋገሪያ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። አሳቡ ክፉ አይደለም፤ ክፉ የሚሆነው ያለ ሥርዓት የተጀመረ እንደ ሆነ ነው።

በሌላው ዓለም ያለው ልማድ

በአውሮፓና በአሜሪካ ኪት ካር የሚባል የመኪና ዓይነት አለ። ይኸውም ፋብሪካው መኪናውን ሳይገጣጥም በክፍል በክፍሉ ይሸጥና ገዢው በገዛ ቤቱ የሚገጣጥመው ነው። በእንግሊዝ አገር ሎተስ ሰባት የተባለችው ትንሽ መኪና ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መንገድ ትሸጥ ነበር። ገዢዎችን የሳበው አንዱ ምክንያት በዚያን ጊዜ ተገጣጥሞ በሚሸጥ መኪና ላይ የነበረው የግዥ ታክስ በክፍልፋይ የተሸጠውን አለመንካቱ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጨማሪ እሴት ታክስ በግዥ ታክሱ ቦታ ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ። በአሜሪካ ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ሜየርስ ማንክስ የተባለችው የአሸዋ መኪና ወጣች። ይህች መኪና በአገራችን ብዙ ሰው በሚያውቃት በፎልክስቫገን ወለልና ሞተር ላይ ቀለል ያለ የፋይበር አካል ተጭኖባት የምትሠራ ነበረች።

እነዚህ አገሮች ሰው በገዛ እጁ መኪና እንዲሠራ ቢፈቅዱም ያለ ምርመራ መንገድ ላይ እንዲወጣ አይፈቅዱም። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የነጥብ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ነጋዴም ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ሥርዓት ብዙ ዕቃው የተለወጠ መኪና የቀድሞ ቁጥሩን ይዞ እንዲቈይ ቢያንስ 8 ነጥብ ማግኘት ነበረበት። ለሻንሲው 5 ነጥብ፣ ለባልስትራውና ለተንጠልጣዩ ክፍል 2፣ ለአክሱሎቹ 2፣ ለካምቢዮው 2፣ ለመሪው 2 ነጥብ ሲሰጥ፣ ለሞተሩ የሚሰጠው 1 ነጥብ ብቻ ነበር። ሞተር ገዝቶ መኪና የገዛ የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል። በምዝገባ ረገድ የመኪና ራስ ሻንሲው ነው፤ ሞተር ግን ሊለወጥ የሚችል ብልት ነው።

ዕቃዎቹ ከየት እንደ መጡ በማይታወቅበት ጊዜ ደግሞ እንግሊዞች ለመኪናው ልዩ ምልክት ያለበት ታርጋ ይሰጡታል፤ ይህም ለገዢ ሁሉ ዕድሜውና ምንጩ በትክክል ያልታወቀ መኪና መሆኑን ያሳያል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍለ አገሮችም ሠሪው የዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች የሽያጭ ደረሰኝ ካቀረበና መኪናው ከተመረመረ በኋላ መንግሥት ራሱ አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። እንግዲህ ሕጎቹ ቢለያዩም ጥያቄው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ዕቃው ከየት መጣ? የማን ነው? መንገድ ላይ ቢወጣስ ሰው አይጎዳም ወይ?

በአገራችን ያለው የተገጣጠመ መኪና

ኪት ካር የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ ቢሆንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኘውና አምቼ በሚል ስም የሚታወቀው ፋብሪካ ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጣልያን ካሚዮኖችን ሲገጣጥም ቈይቷል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ አውቶሞቢሎችን ገጣጥሞ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ በአገራችን ወንዞች ስም ይሸጥ ነበር፤ ኩባንያው ሥራውን ካቆመ በኋላ ግን ገዢዎቹ መለዋወጫውን በየገበያው ራሳቸው መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ከሁሉ ይልቅ ለስሜን ግርጌ ነጋዴ የቀረበው ምሳሌ ቅጥቅጥ የሚባለው አውቶቡስ ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ባለ ሙያዎች ላሜራው እየተቀጠቀጠና እየተበየደ የአውቶቡስ አካል የሚሠራለት ስለ ሆነ ይህን ስም አግኝቷል። በካሚዮን ኋላ የሚጎተተው ተሳቢም በብዛት በአገር ውስጥ ይሠራል። በደባርቅና በዳባት ጎዳና ሰውና ጭነት የሚያመላልሰው ባጃጅም ቢሆን በክፍልፋይ መጥቶ በአገር ውስጥ የሚገጣጠምበት ጊዜ አለ።

በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ምዝገባው የሚቃናው በአንድ ምክንያት ነው። ከኋላቸው የንግድና የሥራ ፈቃድ ያለው ድርጅት አለ፤ ድርጅቱም «ይህን ሻንሲ፣ በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን እኔ ገጣጥሜዋለሁ» ብሎ በማኅተም ያረጋግጣል። በግቢው ውስጥ ለብቻው የሚገጣጥም ሰው ግን እንዲህ ያለ አባት የለውም። ስለዚህ በገዛ እጁ ከመሥራት ይልቅ ፈቃድ ባለው ሠሪ ዘንድ ማሠራት፣ ዋጋው በጥቂት ቢበልጥ እንኳ፣ በፍጻሜው የሚረክሰው መንገድ ይህ ነው።

ለምዝገባ የሚያስፈልጉ ሰነዶች

ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ማንኛውም ተሽከርካሪ ሳይመረመርና ሳይመዘገብ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይደነግጋል። አገሩ ሊብሬ፣ ታርጋና ቦሎ እያለ በጣልያን ቃል የሚጠራቸው ሦስቱ ነገሮች ሁሉ ከዚህ ምዝገባና ምርመራ የሚገኙ ናቸው። ሊብሬ የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር ነው፤ ታርጋ የመለያ ሰሌዳው ነው፤ ቦሎ ደግሞ የዓመቱ ምርመራ መፈጸሙን የሚያሳይ ምልክት ነው። ወደ እነዚህ ለመድረስ ባለቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከተሉትን በእጁ መያዝ አለበት።

1ኛ፤ የሻንሲው ምንጭ ማስረጃ። ከውጭ የመጣ ከሆነ ቀረጥና ታክስ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፤ ቀድሞ ተመዝግቦ የነበረ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ሊብሬ ከሽያጭ ውሉ ጋር።

2ኛ፤ የሞተሩ ማስረጃ። ሞተሩ ከሻንሲው ጋር አብሮ ያልመጣ ከሆነ ለብቻው ዲክላራሲዮን ወይም ቁጥሩ በግልጽ የተጻፈበት ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልገዋል።

3ኛ፤ የሠሪው ማስረጃ። አካሉን የሠራው ጋራዥ ወይም ፋብሪካ ፈቃድ፣ የሥራ ውል፣ የክፍያ ደረሰኝና የተሠራው አካል ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና ክብደት የተጻፈበት መግለጫ።

4ኛ፤ የሦስተኛ ወገን የመድን ሰነድ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለዚህ መድን መኪና መንዳትን ከልክሏል።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው። ገዢው ከመለዋወጫ ሱቅ ሞተር ሊገዛ ገብቶ ወረቀቱን ሲጠይቅ፣ ወጣቱ ሻጭ «አባቴ፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ወረቀት ምን ያደርግልዎታል?» ይለዋል። ብልህ ገዢ ለዚህ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ ታርጋ የሚሰጠኝ ሰው የሞተሩን ድምፅ አይሰማልኝም፤ ዲክላራሲዮኑን አምጣልኝ።» ሻጩም ቢሆን ይህን ጥያቄ እንደ ንትርክ ሊቈጥረው አይገባም። ወረቀት ያለው ሞተርና ወረቀት የሌለው ሞተር በመደርደሪያ ላይ አንድ ቢመስሉም በገበያ አንድ ዋጋ የላቸውም፤ ወረቀቱን ከዕቃው ጋር የሚያስረክብ ባለ ሱቅም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ታማኝ ደንበኞችን ያፈራል።

አስመጪው ሊጠነቀቅበት የሚገባ የጉምሩክ ሕግ

ከአስመጪዎች መካከል «መኪናውን ፈትቼ በመለዋወጫ ስም ባስገባው ቀረጡ ይቀልልኛል» ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ይህ አሳብ ከሁለት ወገን ያጠፋል። በመጀመሪያ፣ ኢትዮጵያም በምትሠራበት በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ሥርዓት ሁለተኛው አጠቃላይ ደንብ፣ ተፈትቶ የመጣ ዕቃ እንደ ተገጣጠመ ዕቃ፣ ያልተሟላ ዕቃም የሙሉውን ዕቃ ዋና ጠባይ ከያዘ እንደ ሙሉ ዕቃ ይመደባል ይላል። ስለዚህ ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ጎማው በአንድ ሣጥን ውስጥ ተፈትተው ቢመጡ በታሪፍ ፊት መኪና እንጂ የዕቃ ክምር አይደሉም። ተፈትቶ ለሚገባ መኪና የሚሰጠው የቀረጥ ቅናሽም የተዘጋጀው የመገጣጠም ፈቃድ ላላቸው ድርጅቶች እንጂ በግሉ ለሚያስመጣ ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይከፋል። በመለዋወጫ ስም የገባው ዕቃ በዲክላራሲዮኑ ላይ «መለዋወጫ» ተብሎ ተጽፏል። ከተገጣጠመ በኋላ መኪና ነው ተብሎ ለምዝገባ ሲቀርብ ሰነዱ ራሱ ባለቤቱን ይከሰዋል። አሳስቶ ማስታወቅ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የሚያስቀጣ ነውና፣ በቀረጥ ያተረፈ የመሰለው ሰው ዕቃውንም ስሙንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው በእውነተኛ ስሙ ይታወቅ፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥርም በዲክላራሲዮኑ ላይ አንድ ፊደል ሳይጎድል ይጻፍ።

ስለ ሻንሲ ቁጥር

አብዛኛው ዘመናዊ መኪና 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉበት መለያ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሠሪውን አገርና ፋብሪካ ያመለክታሉ፤ መካከለኞቹ የመኪናውን ዓይነት ይገልጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ የተራ ቁጥሩ ናቸው። በላቲን ፊደል ከሚጻፉት አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት ሦስቱ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። በዲክላራሲዮን ወይም በውል ላይ ከነዚህ አንዱ ተጽፎ ከተገኘ የጸሐፊ ስሕተት መሆኑ የታወቀ ነውና ወዲያውኑ ማስታረም ያሻል። ዛሬ በአንድ ደብዳቤ የሚታረመው ስሕተት ከሁለት ዓመት በኋላ በብዙ ምልልስም ላይታረም ይችላል።

በጋራዥ ውስጥ ሦስት ነገሮች እንዳይደረጉ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ቁጥሩ ባለበት የሻንሲ ክፍል ላይ መበየድም ሆነ መሞረድ አይገባም። ሁለት የተጎዱ ሻንሲዎችን ግማሽ ለግማሽ ቈርጦ መቀጠልም አይገባም፤ ከሁለት አንድ ሆኖ የወጣው ሻንሲ የማንኛው ቁጥር ባለቤት እንደ ሆነ ማንም ሊናገር አይችልምና። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጠፋን ወይም የደበዘዘን ቁጥር በራስ ሥልጣን እንደ ገና መምታት ከወንጀል የሚቈጠር ሥራ ነው። ቁጥሩ በዝገት የማይነበብ ከሆነ ጉዳዩን ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ አመልክቶ በሕጋዊ መንገድ ማስመርመር ይገባል። ሥራው ሳይጀመር ቁጥሩን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በላዩም ወረቀት አድርጎ በእርሳስ ፈግፍጎ ቅርጹን መያዝ ለኋላ ክርክር መልካም ምስክር ይሆናል።

በተራራማ አገር ስለሚደረግ የቴክኒክ ምርመራ

የቴክኒክ ምርመራ ፍሬንን፣ መሪን፣ መብራትን፣ ጎማንና የመሳሰለውን ይመለከታል። ይህ ምርመራ ለሥርዓት ያህል የሚደረግ የሚመስለው ሰው ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሙሉ ጭነት ይዞ አንድ ጊዜ ይውረድ። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳያቋርጥ የሚረግጥ ሾፌር ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬንም ይደክማል። በአነስተኛ ማርሽ ወርዶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ የሚቻለው ሞተሩ፣ ካምቢዮውና አክሱሉ እርስ በርሳቸው የተስማሙ እንደ ሆነ ነው። ከተለያዩ መኪናዎች ተለቅመው የተገጣጠሙ ዕቃዎች ግን ብዙ ጊዜ አይስማሙም፤ ሜዳ ላይ ያልታየው ጉድለታቸውም በሊማሊሞ ላይ ይገለጣል።

የደጋው ከፍታም የራሱ ሒሳብ አለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኀይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ በቈላ 100 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በደባርቅ 75 ገደማ ብቻ ይሆናል። በዚህ ከፍታ ክፍት ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን በሚገባ የማይገጥም ከሆነ ሞተሩ ቶሎ ይፈላል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ምክንያት ኀይሉን አያጣም፤ በቁልቁለት ላይም ባትሪውን መልሶ ሊሞላ ይችላል። ወደፊት መኪና ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ይህንም በሒሳቡ ውስጥ ቢያስገባው ይጠቀማል።

ክብደትን በሚመለከት አንድ ቀላል ምሳሌ ይበቃል። አንድ ሻንሲ በጠቅላላው 7,000 ኪሎ እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ ሻንሲው ራሱ ከነጋቢናው 2,400 ኪሎ ይመዝናል። አካሉ 2,100 ኪሎ ቢሆን ለሰውና ለጭነት 2,500 ኪሎ ይቀራል። 25 ሰዎች እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ቢመዝኑ 1,750 ኪሎ ይሆናሉ፤ ለዕቃ የሚተርፈው 750 ኪሎ፣ ማለት ሰባት ኩንታል ተኩል ነው። ባለ ጋራዡ «ይጠንክርልህ» ብሎ ወፍራም ብረት ቢጠቀምና አካሉ 2,600 ኪሎ ቢሆን ግን ለዕቃ የሚተርፈው 250 ኪሎ፣ ሁለት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። ያ መኪና በገበያ ቀን አሥር ኩንታል ነጭ ሽንኩርት በጣራው ላይ ቢጫንበት ከተሠራበት ልክ በእጅጉ ያልፋል፤ ክብደቱም ከላይ ስለ ሆነ በጥምዝ መንገድ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። በሊብሬው ላይ የሚጻፈው የጭነት ልክ እንግዲህ ለቅጣት ተብሎ የተጻፈ አይደለም፤ የተሳፋሪዎች ሕይወት ሒሳብ ነው።

ያልተመዘገበ መኪና የሚያመጣው ኪሳራ

አቶ እገሌ አንድ ሚሊዮን ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድሮ መኪና አሠራ። መኪናው በወረቀት ጉድለት ስድስት ወር ቢቆምበት ወለዱ ብቻ 75,000 ብር ይሆናል። በዚያን ጊዜ ውስጥ ሊያገኘው ይችል የነበረው የኪራይ ገቢ፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ በፀሐይና በዝናብ የሚበላሸው ጎማ ሲጨመር ኪሳራው ከዚህ ያልፋል። ሊብሬ የሌለውን መኪና ባንክ በመያዣነት አይቀበለውም፤ ገዢም በሙሉ ዋጋው አይገዛውም። ባለቤቱ ተስፋ ቈርጦ ፈትቶ ቢሸጠው ብረቱ የሚያወጣው ዋጋ ለብየዳውና ለቀለሙ የወጣውን አይመልስለትም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ኀላፊነቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም ባለቤቱ ከዚህ አያመልጥም። «ለአንድ ቀን ገበያ ብቻ ነው» ብሎ ያልተመዘገበና መድን የሌለው መኪና ወደ መንገድ ያወጣ ነጋዴ አደጋ ቢደርስበት፣ ለተጎዳው ወገን የሚከፍለው ከኢንሹራንስ ሣጥን ሳይሆን ከገዛ ሱቁ ነው። የሞተ ሰው ካለ ደግሞ ገንዘብ የማይመልሰው ዕዳ በኅሊናው ላይ ይኖራል።

ሥራው የሚከናወንበት ቅደም ተከተል

ይህን ሁሉ ያመዛዘነ ነጋዴ ሥራውን በሚከተለው ተራ ቢይዘው ከብዙ ድካም ይድናል።

በመጀመሪያ፣ ገንዘብ ሳያወጣ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን በማመልከቻ ይጠይቅ። ማመልከቻው ሊሠራ የታሰበውን የመኪና ዓይነት፣ የሻንሲውን ቁጥር፣ የአገልግሎቱን ዓላማና የሠሪውን ስም ይግለጥ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ሠራተኛው ሲዛወር አብሮ ይዛወራል።

ሁለተኛ፣ ሻንሲውንና ሞተሩን የሚገዛው ሰነዳቸውን ካየና ቁጥሩን ከብረቱ ጋር ራሱ ካመሳከረ በኋላ ይሁን። ቀድሞ በሌላ ሰው ስም የነበረ ከሆነ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያረጋግጥ።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ ካለው ሠሪ ጋር በጽሑፍ ይዋዋል። በውሉ ውስጥ የአካሉ ልክና ክብደት፣ የመጨረሻው ቀንና «መኪናው የቴክኒክ ምርመራ ባያልፍ ሠሪው በራሱ ወጪ ያስተካክላል» የሚል ቃል ይግባ። ከዋጋውም የተወሰነው ክፍል መኪናው ምርመራውን እስኪያልፍ በባለቤቱ እጅ ይቆይ።

አራተኛ፣ አንድ ፋይል ከፍቶ ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ ያለውን ደረሰኝ ሁሉ በቀን በቀኑ ያኑር። የእያንዳንዱን ሰነድ ግልባጭ ደግሞ በሌላ ቦታ ያስቀምጥ።

አምስተኛ፣ መኪናው ሲያልቅ ለምርመራ ያቅርበው፤ መንገድ ላይ የሚያወጣውም በጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ወይም በሌላ መኪና ተጭኖ ይሁን። ከዚያም መድኑን ገብቶ፣ የሚገባውን ክፍያ ከፍሎ፣ ሊብሬውንና ታርጋውን ይረከብ። ሊብሬው እጁ በገባ ሰዓትም ስሙን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ የጭነቱንም ልክ ከጽሕፈት ቤቱ ሳይወጣ አንብቦ ያመሳክር።

ስድስተኛ፣ ከምዝገባ በኋላ ሞተር፣ አካል ወይም ቀለም መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነ አስቀድሞ ያስታውቅ። በሊብሬ ላይ የተጻፈውና በመንገድ ላይ የሚታየው የተለያዩበት መኪና በየኬላው ይቆማል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜም ከመድን ድርጅቱ ጋር ክርክር ያስነሣል።

ማጠቃለያ

የአገራችን የእጅ ባለ ሙያ ብረት ቀጥቅጦ አውቶቡስ ማውጣት እንደሚችል በየቀኑ በጎንደርና በደባርቅ መካከል የሚመላለሱት ቅጥቅጦች ይመሰክራሉ። የጎደለው ጥበብ አይደለም። የጎደለው ከጥበቡ ጎን መዝገብ መያዝ ነው። አስመጪው ዕቃውን በእውነተኛ ስሙ ቢያስገባ፣ ባለ ሱቁ ከሞተሩ ጋር ወረቀቱን ቢያስረክብ፣ ሠሪው የሠራውን በማኅተሙ ቢያረጋግጥ፣ ባለቤቱም ሳይጠየቅ አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ በእጅ የተሠራ መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣው ሁሉ ታርጋውን ለጥፎ በኩራት የሚሄድበት ምክንያት ይኖረዋል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ በቀላሉ ሊገኝ ይችል የነበረን ወረቀት ንቆ በኋላ በጭንቅ መፈለግ ለነጋዴ አይገባም። ዛሬ በፋይል የገባች አንዲት ደረሰኝ ነገ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ፊት ለባለቤቷ ትናገራለች።